«ፈርምና ብርህን ውሰድ» ሲሏችሁ

«አክሲዮን የገዛሁበት ድርጅት ከሰረ፤ ዋናውን እንመልስልህ ፈርም አሉኝ። ልፈርም?» ይሄ ጥያቄ እዚህ ደብረ ታቦር ደጋግሞ ይደርሰኛል።

መጀመሪያ ወረቀቱን ልየው። በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3312 ክርክርን በስምምነት የሚጨርስ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው ፍርድ ነው። «መብቴን ሳላውቅ ፈረምኩ» ማለት አያፈርሰውም። «ከእንግዲህ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካለ ብዕሩን አስቀምጡ። «በከፊል ተቀብያለሁ፣ ቀሪው መብቴ እንደተጠበቀ» ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ዋናው ብቻ መመለሱም ያስቆጫል። ያኔ ሁለት በሬ የሚገዛ ብር ዛሬ አንዱንም ላይገዛ ይችላል። አክሰስ ሪል ስቴት ቤት ማስረከብ ሲያቅተው ቅድሚያ የከፈሉ ሰዎች ይህን በደንብ ያውቁታል። ሕጋዊው ወለድ በዓመት 9 በመቶ ነው (ቁጥር 1751)፤ በ100,000 ብር ላይ ለአምስት ዓመት 45,000። ጠይቁት። የሚታሰበው ግን በመሠረቱ ባለዕዳው በማስጠንቀቂያ ከዘገየበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ ደብዳቤውን ዛሬ ጻፉ።

ድርጅቱ እውነትም ባዶ ከሆነ ምክሬ ይገለበጣል፦ ባለአክሲዮን የሚደርሰው ከገንዘብ ጠያቂዎች ሁሉ በኋላ ነውና የተሰጣችሁን ያዙ። ተታላችሁ ከገዛችሁ ደግሞ ውሉን የማፍረሻው ጊዜ ማታለሉ ከታወቀ በኋላ ሁለት ዓመት ብቻ ነው (ቁጥር 1810)።