ለተልእኮ የሚያዘጋጅ ትምህርት፦ ከካቶሊክ ሚሲዮናውያን ምን እንማራለን?



ከቦንጋ ተነሥቶ ወደ ሚዛን የሚጓዝ ሰው በጨና ወረዳ ዋጫ ከተማን ያገኛል። በዚያ አካባቢ ሊያገለግል የሚሄድ ሰው፣ ካህንም ይሁን ወንጌላዊ፣ ምን ሊያውቅ ይገባዋል? ሕዝቡ የሚናገረው ካፊ ኖኖ ነው። «ኤቆ» ስለሚባለው መንፈስና መንፈሱ ስለሚናገርባቸው «አላሞ» ስለሚባሉት ሰዎች የማያውቅ አገልጋይ ምእመኑ ከምን እንደ ወጣ አይረዳም። ማንጆ የሚባሉት ወገኖቻችን ከሌላው ጋር በአንድ ማዕድ እንዳይቀመጡ ተገልለው የኖሩትም በዚሁ ምድር ነው። በሌላ በኩል ቦንጋ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በገጠር ያደገው ወጣት ከትምህርት ቤት ያገኘውን ጥያቄ ይዞ ወደ ጉባኤ ይመጣል።

በእኛ በወንጌላውያን አማኞች መካከል ስለ አገልጋይ ትምህርት ሁለት አሳቦች ይሰማሉ። አንዱ «መንፈስ ቅዱስ ካለ ትምህርት ምን ያደርጋል?» ይላል። ሌላው ደግሞ ከስሙ ፊት የሚጻፍ ማዕረግ እስኪያገኝ ድረስ ዕረፍት የለውም። ሁለቱም የሚዘነጉት አንድ ጥያቄ አለ፤ ትምህርቱ ለማን ነው?

በዚህ ጽሑፍ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ካህናቷንና ወንድሞቿን ለከፍተኛ ትምህርት እንዴት እንደምታዘጋጅ እናያለን። በትምህርተ እምነት ከእነርሱ ጋር የምንለያይባቸው ብዙ ነጥቦች እንዳሉ የታወቀ ነው፤ ዛሬ ግን የምንመለከተው ስለ አገልጋዮች ዝግጅት ብቻ ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በካፋ የነበረው ጅማሬ

ጉሊየልሞ ማሳያ፣ በሀገራችን አቡነ መስያስ በመባል የሚታወቁት፣ ጣሊያናዊ የካፑቺን ማኅበር መነኩሴ ነበሩ። በ1846 በኦሮሞ ምድር ለሚጀመረው ሚሲዮን ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ከብዙ እንግልት በኋላም በ1852 ጉድሩ ደረሱ። ወደ ካፋ አባ ቼዛሬ የተባሉት ባልደረባቸው በ1855 ቀድመው ገቡ፤ ማሳያ ራሳቸውም በ1859 ካፋ ደርሰው ጥቂት ካገለገሉ በኋላ በ1861 ከሀገሩ ተባረሩ።

እኚህ ሰው ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣታቸው በፊት በቱሪን ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የነፍስ አባት ሆነው ሲያገለግሉ የሕክምና ዕውቀት ቀስመዋል። ከዚያም ለማኅበራቸው ተማሪዎች ፍልስፍናና ስነ መለኮት አስተምረዋል። የሆስፒታሉ ዕውቀት ኋላ በሚሲዮኑ ሥራ ላይ ዋለ። ፈንጣጣ ሕዝቡን በሚፈጅበት ጊዜ ይከትቡ ስለ ነበር ኦሮሞዎች «አባ ፈንታታ» ብለው ጠሯቸው፤ የፈንጣጣ አባት ማለት ነው። በ1867 ደግሞ ከእርሳቸው በኋላ ለሚመጡ ሚሲዮናውያን መማሪያ የሚሆን የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በፓሪስ አሳተሙ። በእርሳቸው ሚሲዮን ያገለገሉት ፈረንሳዊው አባ ሊዮን ዴዛቫንሼም ስለ ሀገሩ አቀማመጥ ለአውሮፓ ሊቃውንት ይጽፉ ነበር፤ በ1879 ጌራ ላይ ዐረፉ።

ከእነርሱ በኋላ የመጡት የኮንሶላታ ሚሲዮናውያን ናቸው። ሮም በ1913 ካፋን ለዚህ ማኅበር ሰጠች፤ ይሁን እንጂ መግባት ቀላል አልሆነም። አለቃቸው ጋውዴንሲዮ ባርላሲና በ1916 ወደ ኢትዮጵያ የገቡት ነጋዴ መስለው ነበር። ይህ ማኅበር ከመጀመሪያው ካህናትን ብቻ አልላከም። በ1902 ወደ ኬንያ ካሰማራቸው የመጀመሪያ አራት ሰዎች ሁለቱ ካህናት፣ ሁለቱ ደግሞ ክህነት የሌላቸው ወንድሞች ነበሩ።

ወንድም ማለት በካቶሊክ አጠራር የማኅበሩን ቃል ኪዳን የገባ፣ ነገር ግን ካህን ያልሆነ ሰው ነው። አናጢ፣ ግንበኛ፣ መምህር፣ ነርስ ወይም የእርሻ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። እርሱም እንደ ካህኑ ሙሉ ሚሲዮናዊ ነው።

ሥርዓቱ ምን ይላል?

በ1919 ሊቀ ጳጳሳት በነዲክቶስ 15ኛ ስለ ሚሲዮን በጻፉት ደብዳቤ ሁለት ነገር አጥብቀው አሳስበዋል። አንደኛ፣ ሚሲዮናዊው የሚሄድበትን ሕዝብ ቋንቋ ጠንቅቆ እንዲያውቅ፤ በአስተርጓሚ እየተመካ እንዳይኖር። ሁለተኛ፣ የሀገሬው ተወላጅ ካህን ለውጭ ሰው ረዳት ብቻ እንዲሆን ተብሎ በጎደለ ትምህርት እንዳይዘጋጅ፣ ይልቁንም ሕዝቡን ራሱ መምራት እንዲችል ሙሉ ትምህርት እንዲያገኝ።

በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ይህን አሳብ አስፋፋ። ጳጳሳት በጠባያቸውና በአእምሮአቸው ብቁ የሆኑትን መርጠው ወደ ከፍተኛ ተቋማት እንዲልኩ፣ የሚላኩትም በትምህርቱ ምክንያት መንፈሳዊ ሕይወታቸው እንዳይጎዳ ጥንቃቄ እንዲደረግ አዘዘ። ወንድሞችና እኅቶችም ተመክሮአቸውን እንደ ጨረሱ ወዲያው ለሥራ እንዳይጣደፉ፣ ትምህርታቸው እንዲቀጥል፣ እንደ አስፈላጊነቱም የሙያ ማስረጃ እንዲያገኙ ጉባኤው ወሰነ።

በዚህ ሥርዓት መሠረት ለክህነት የሚዘጋጅ ሰው ቢያንስ ስድስት ዓመት ይማራል፤ ሁለቱን ዓመት ፍልስፍና፣ አራቱን ስነ መለኮት። ይህ የሁሉም ካህን ትምህርት ነው። ልዩ ትምህርት የሚባለው ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነው። መጀመሪያ ሁለት ዓመት ገደማ የሚወስደው ሊሴንሺያት አለ፤ ቀጥሎ ዶክትሬት። በ1983 የወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ሕግ እንደሚለው በዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ፍልስፍና፣ ስነ መለኮትና ሕግ የሚያስተምር ሰው ከሁለቱ አንዱ ሊኖረው ይገባል። ዓላማው ግልጽ ነው፤ ነገ መምህራንን የሚያፈራውን መምህር ዛሬ ማዘጋጀት ነው።

የሚማሩት የት ነው?

የሚማሩበትን ቦታ የሚወስነው የተፈለገው አገልግሎት ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያስተምር ካህን በ1909 ሮም ውስጥ ወደ ተቋቋመው የመጽሐፍ ቅዱስ ተቋም ይላካል፤ በዚያ ዕብራይስጥና ግሪክ መማር ግዴታ ነው። ስለ ምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ታሪክና ሥርዓት የሚያጠና በ1917 ወደ ተመሠረተው የምሥራቅ ጥናት ተቋም ይሄዳል። በሙስሊሞች መካከል የሚያገለግል ደግሞ ዐረብኛና እስልምና የሚያጠናበት ሌላ ተቋም አለው፤ ይህም በ1926 በቱኒስ ተጀምሮ በ1964 ወደ ሮም የተዛወረ ነው። ከሚሲዮን ሀገሮች ለሚመጡ ተማሪዎች የቆየው ቤት በ1627 የተመሠረተው የኡርባኖ ኮሌጅ ሲሆን፣ ዛሬ ኡርባኒያና ዩኒቨርሲቲ ይባላል። በቫቲካን ግቢ ውስጥም የኢትዮጵያ ኮሌጅ አለ። አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ናይሮቢ የሚገኘው የምሥራቅ አፍሪካ ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ በ1984 ለከፍተኛ ስነ መለኮት ትምህርት ተከፍቷል።

ከካፋ ጋር የተያያዘ አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ካርዲናል ብርሃነ ኢየሱስ ሱራፌል የላዛሪስት ማኅበር አባል ሆነው በ1976 ክህነት ተቀበሉ። በደርግ ዘመን ሰባት ወር ያህል ታሰሩ። ከእስር ከወጡ በኋላ ማኅበራቸው ወደ ሮም ላካቸውና በግሪጎሪያን ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ አጠኑ፤ ይህም የማኅበረሰብ ጥናት ማለት ነው። በ1994 የጅማ ቦንጋ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም የመጀመሪያው ኃላፊ የሆኑት እርሳቸው ናቸው። ኋላም በ1999 የአዲስ አበባ ሊቀ ጳጳስ፣ በ2015 ካርዲናል ሆኑ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ አስቀድሞ አገልግሎት፣ ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያም የሚጠብቃቸው ሥራ። የተማሩትንም ልብ እንበል። አንዱ ወገን ሌላውን በሚያገልልበት ምድር ኃላፊነት ለሚቀበል ሰው የማኅበረሰብ ጥናት ከንቱ ዕውቀት አይደለም።

ለእኛስ ምን ይላል?

ይህን ስናነብ የእኛን ታሪክ መርሳት የለብንም። አናሲሞስ ነሲብ ስዊድን ሀገር ሄዶ ተምሮ ተመለሰ፤ በ1899 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ አሳተመ። ቄስ ጉዲና ቱምሳ አሜሪካን ሀገር ስነ መለኮት ተምረው በ1966 የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ሆኑ፤ በ1979 እስከ ተገደሉበት ቀን ድረስም ከሕዝባቸው አልተለዩም። ዛሬም በሀገራችን የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪን የመሳሰሉ ኮሌጆች፣ ከዚያም በላይ የኢትዮጵያ ድኅረ ምረቃ ስነ መለኮት ትምህርት ቤት አሉን። ስለዚህ የሚጎድለን የትምህርት ቤት በር ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚጎድለን ላኪው ነው።

በብዙ አጥቢያዎች ወንድም የትምህርት ዕድሉን ራሱ ፈልጎ ያገኛል፣ ማመልከቻውን ራሱ ይሞላል፣ ከዚያ ለሽማግሌዎች «ጸልዩልኝ» ይላል። እኛም እጅ ጭነን እንሸኘዋለን። ምን ሊማር እንደ ሄደ፣ ሲመለስ የት እንደሚቆም አልተነጋገርንም። ታዲያ ባይመለስ በማን እንፈርዳለን? የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ግን በርናባስንና ሳውልን ስትልክ ጾማ፣ ጸልያ፣ ሥራውንም አውቃ ነበር (ሐዋ 13፥1-3)።

ከካቶሊኮቹ አሠራር የሚከተሉትን ልንወስድ እንችላለን፦

1. ፍላጎቱ ይቅደም። «ማን መማር ይፈልጋል?» ከማለታችን በፊት «ቤተ ክርስቲያናችን የጎደላት ምንድን ነው?» እንበል። በካፊ ኖኖ የሚያስተምር መምህር ነው? የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የሚመረምር ነው? የተጨነቁትን የሚያማክር ነው?

2. ሰውየው በአገልግሎት የተፈተነ ይሁን። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የተናገረው ሌሎችን ማስተማር ለሚችሉ የታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ ነው (2ኛ ጢሞ 2፥2)። መታመን ከዲግሪ በፊት ይመጣል።

3. ወጪው የላኪው ይሁን። ካቶሊካዊው ካህን ቤተሰብ የለውም፤ ማኅበሩም ያኖረዋል። የእኛ ወንጌላዊ ግን ሚስትና ልጆች አሉት። እርሱ አዲስ አበባ ሲማር ዋጫ የቀረው ቤቱ ከተራበ ልከነዋል ማለት አንችልም። ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ኪሳራውን ይቁጠር ተብሎ የለምን? (ሉቃ 14፥28)

4. የሚመለስበት ሥራ ከመሄዱ በፊት ይታወቅ። የእኛ አገልጋዮች እንደ መነኮሳቱ የመታዘዝ ቃል ኪዳን የላቸውም፤ በግድ መመለስም አንችልም። ስለዚህ በፍቅርና በግልጽነት፣ በጽሑፍም ጭምር መስማማት ይሻላል። ተምሮ ሲመጣ የሚሠራበት ቦታ ያላዘጋጀ ሽማግሌ «ከዳን» ብሎ ሊያማርር አይገባውም።

5. ሰባኪውን ብቻ አንላክ። የሂሳብ ባለሙያዋ፣ የጤና ረዳቱ፣ የልጆች አስተማሪዋ፣ የእርሻ ሠራተኛውም ለቤተ ክርስቲያን ተልእኮ ሊማሩ ይገባል። ካቶሊኮች ወንድም ለሚሉት አገልጋይ የሰጡትን ክብር እኛ የአማኞች ሁሉ ክህነትን የምናምን ሰዎች ልንነፍግ አይገባንም።

አንድ ነገር እንጨምር። ትምህርት ልብን አይለውጥም፤ ጸሎትንም አይተካም። ነገር ግን ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ እንኳ መጻሕፍቱንና ብራናዎቹን እንዲያመጡለት ጠይቋል (2ኛ ጢሞ 4፥13)። የመንፈስ ሰው መሆንና መጽሐፍ መውደድ በእርሱ ዘንድ አልተጣሉም።

ውድ አንባቢ ሆይ፣ በሚቀጥለው የአጥቢያችሁ ስብሰባ ይህን ጥያቄ አንሡ፦ ከዛሬ አምስት ዓመት በኋላ የሚያስፈልገን አገልጋይ ማን ነው? ለምንስ ሥራ? እስከዚያ ድረስስ ቤቱን የሚጠብቅለት ማን ነው? ለእነዚህ መልስ ካገኛችሁ፣ እጃችሁን ጭናችሁ የምትልኩት ሰው በእውነት የእናንተ መልእክተኛ ይሆናል።

ጌታ ይባርካችሁ።