ሰሜኑ እንደገና ከተቀጣጠለ ጎረቤቶቻችን ምን ያደርጋሉ?

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሰው ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ሳያይ አይውልም። አንዱ «ግብጽ ጦሯን አስገባች!» ይላል። ሌላው «አሰብ በ24 ሰዓት!» ይላል። ሁለቱም ሥር አስተያየቱ እሳት ነው፤ ሁለቱም ላይ የሚታየው ታንክ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሌላ አገር ታንክ ነው።

ግራና ላይ ሆነን ስናየው ግን ነገሩ የቲክቶክ ክርክር ብቻ አይደለም። ወልድያ በነሐሴ 2013 ስትያዝ፣ መርሳና ውርጌሳ የውጊያ መስመር ሲሆኑ፣ ሐብሩ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ያለ ባንክ፣ ያለ መብራት፣ ያለ ኔትወርክ ከርሟል። በዚያ ጊዜ 15 ዓመት የነበረው ልጅ ዛሬ ይሄን ጽሑፍ በራሱ ስልክ እያነበበ ነው።

ስለዚህ ጥያቄውን ቀጥታ እንጠይቅ። በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል፣ ትግራይንም ጨምሮ፣ ጦርነት ዳግም ቢነሳ በዙሪያችን ያሉት አገሮች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የኛን መልስ ከወዲሁ እንናገር፦ አብዛኞቹ ወታደር አይልኩም። ገንዘብ፣ መሣሪያ፣ ወደብ እና የአየር ክልል ነው የሚሰጡት ወይም የሚነፍጉት። ከማን ጋር እንደሚቆሙ የሚወስነውም ማንን እንደሚወዱ ሳይሆን ምን እንዳያጡ እንደሚፈሩ ነው።

ይሄን ለመረዳት ትንሽ ራቅ ብለን ወደ ኮሪያ እንሂድ፤ እዚያም ቢሆን የኛ ሰዎች አሉበት። በሰኔ 1942 ሰሜን ኮሪያ ደቡቡን ወረረች። በአሜሪካ የሚመራው የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሰሜኑን እየገፋ ወደ ቻይና ድንበር፣ ወደ ያሉ ወንዝ ሲጠጋ፣ በጥቅምት 1943 ቻይና ወንዙን ተሻግራ ገባች። ኪም ኢል ሱንግን ስለወደደች ብቻ ነው? አይደለም፤ የአሜሪካ ጦር ደጃፏ ላይ እንዲቆም ስላልፈለገች ነው። የኛው ቃኘው ሻለቃ በ1943 ኮሪያ ሲደርስ ከቻይና ወታደሮችም ጋር ነው የተዋጋው። ጃፓን ደግሞ ጦር ሳታዘምት ለአሜሪካ ጦር ዕቃ እያቀረበች ከዓለም ጦርነት ውድመት የተነሳ ኢኮኖሚዋን አነቃቃች። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ተኩስ ቆመ፤ የሰላም ስምምነት ግን እስከ ዛሬ አልተፈረመም።

እዚህ ሁለት ዓይነት ጎረቤት አየን፦ ድንበሩ ስለተነካ የሚገባ እና ሳይገባ የሚያተርፍ። ሁለቱም በኛ ዙሪያ አሉ።

ከራሳችን ታሪክ ደግሞ አንድ ምሳሌ ይበቃል። አብዮቱ አገሪቱን እርስ በርስ ሲያባላ፣ በኤርትራ በኩል ጦርነት ሲበረታ፣ የሶማሊያው ዚያድ ባሬ በሐምሌ 1969 ኦጋዴን ገባ። ያኔ ሶማሊያን ያስታጠቀችው ሶቪየት ኅብረት ፊቷን አዙራ ከኢትዮጵያ ጋር ቆመች፤ የኩባ ወታደሮችም መጡ። በጥቂት ወራት ውስጥ ወዳጅና ጠላት ቦታ ተቀያየረ።

አሁን ወዳለንበት እንምጣ። ኤርትራን ጎረቤት ብቻ ብሎ መቁጠር አይቻልም፤ ጦርነቱ ከተነሳ እሷ ራሷ ወገን ናት። ከግንቦት 1990 እስከ 1992 በባድመ ምክንያት ከተዋጋን በኋላ የአልጀርሱ ስምምነት ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 ተፈረመ፤ ከዚያ 18 ዓመት ገደማ «ጦርነትም የለም፣ ሰላምም የለም» ተብሎ ተኖረ። ሐምሌ 2 ቀን 2010 አስመራ ላይ እርቅ ሆነ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር የኤርትራ ጦር ከፌዴራል መንግሥት ጎን ተሰለፈ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ሲፈረም ግን ኤርትራ ጠረጴዛው ላይ አልነበረችም፤ ብዙ ነገር የተበላሸው ከዚያ ጀምሮ ነው።

ዛሬ ሰልፉ ተገላብጧል። የኢትዮጵያ መንግሥት በመስከረም 2018 ለተባበሩት መንግሥታት በጻፈው ደብዳቤ፣ ኤርትራ ከሕወሓት አንድ ክንፍ ጋር ሆና ጦርነት እያዘጋጀች ነው ሲል ከሷል። አስመራ ክሱን አልተቀበለችም። በትግራይና በኤርትራ መካከል የተጀመረውን መቀራረብ ሰዎች «ጽምዶ» ይሉታል፤ ቃሉ ከኛው «መጥመድ» ጋር የሥጋ ዘመድ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ይተኳኮሱ የነበሩ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ከዚህ በላይ የአሰብ ጥያቄ አለ። አሰብ ከአፋሯ ቡሬ (የጎጃሟ ቡሬ አይደለችም) 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። አዲስ አበባ «የባሕር በር የህልውና ጉዳይ ነው» ስትል አስመራ የምትሰማው «አሰብን ሊወስዱ ነው» የሚለውን ነው። የኤርትራ ፍርሃት ይሄ ነው፤ ወዳጅ የምትፈልገውም በዚሁ ልክ ነው።

ቀጥሎ ሱዳን። እኛ ዘንድ ብዙ ሰው ዓይኑ ግብጽ ላይ ነው፤ እኛ ግን ከሁሉም በላይ መታየት ያለባት ሱዳን ናት እንላለን። በ2013 የፌዴራል ጦር ወደ ትግራይ ሲዞር የሱዳን ጦር በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ አልፋሽጋ ገባ። የአማራ ገበሬዎች ለዓመታት ሰሊጥና ማሽላ ሲያመርቱበት የነበረ ለም መሬት ነው። ሱዳን ጠላታችን ስለሆነች ያደረገችው ብቻ አድርገን አንየው። ካርታው ላይ የይገባኛል ጥያቄ ነበራት፤ ድንበሩ ሲሳሳ አየች፤ ገባች። ጎረቤት እንዲህ ነው የሚያስበው።

አሁን ደግሞ ሱዳን ራሷ ከሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጀምሮ እየነደደች ነው። የአልቡርሃን ጦርና ፈጥኖ ደራሹ ኃይል እየተዋጉ ነው። ግብጽና ኤርትራ ለአልቡርሃን ይቀርባሉ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ፈጥኖ ደራሹን ትረዳለች ተብላ በተደጋጋሚ ተከሳለች፤ ራሷ ትክዳለች። ይቺው ኤምሬትስ ደግሞ የአዲስ አበባ የቅርብ ወዳጅ ናት። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሰሜኑ ከተነሳ የሱዳኑ ጦርነትና የኛው ጦርነት ደጋፊዎች ያው ሰዎች ይሆናሉ። ሁለት የተለያዩ እሳቶች መሆናቸው ይቀርና፣ ድንበሩን ተከትሎ የሚሄድ አንድ እሳት ይሆናል። እኛን የሚያስፈራን ዋናው ነገር ይሄ ነው።

ሌላም አለ። በ2013 ከ50 ሺህ በላይ ሰው ተከዜን ተሻግሮ ሱዳን ገብቶ ነፍሱን አትርፏል። ዛሬ ያ በር እንደ ድሮው የለም፤ ሱዳኖቹ ራሳቸው በመተማ በኩል ወደኛ ሸሽተው መጥተዋል።

ግብጽ ጋ ስንመጣ ከቪዲዮዎቹ ጋር እንለያያለን። ግብጽ ከኛ ጋር ድንበር የላትም። ለመጨረሻ ጊዜ በምጽዋ በኩል ጦር አዝምታ የሞከረችው በ1868 ነበር፤ ጉንደትና ጉራ ላይ አፄ ዮሐንስ እንዴት እንደመለሷት ሁላችንም ተምረናል። ዛሬ የምትሠራው በሌላ መንገድ ነው። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሊላንድ ጋር የወደብ መግባቢያ ስትፈራረም፣ ግብጽ በዚያው ዓመት ነሐሴ ከሶማሊያ ጋር ወታደራዊ ስምምነት አድርጋ ወደ ሞቃዲሾ መሣሪያ ላከች። መስከረም 30 ቀን 2017 የግብጽ፣ የኤርትራና የሶማሊያ መሪዎች አስመራ ላይ ተሰበሰቡ። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል፤ ውኃው ሞልቷል፤ ስለዚህ ግድቡን ማስቆም የሚባለው ነገር ጊዜው አልፏል። የቀራት ካርድ ቀይ ባሕር ነው። ካይሮ ደጋግማ «የቀይ ባሕር ጉዳይ የባሕሩ ዳርቻ አገሮች ብቻ ነው» ትላለች፤ ወደብ አልባዋን ኢትዮጵያን ውጭ የሚያስቀር ዓረፍተ ነገር ነው። ጦርነት ከተነሳ ግብጽ ለአስመራ የዲፕሎማሲ ሽፋን፣ መረጃና መሣሪያ ትሰጣለች ብለን እናስባለን። የግብጽ እግረኛ ወታደር ዛላምበሳ ላይ? አይመስለንም።

የባሕረ ሰላጤዎቹ ነገር ይወሳሰባል። መስከረም 6 ቀን 2011 ኢሳያስንና ዐቢይን ጅዳ ላይ ያፈራረመችው ሳዑዲ ናት። ኤምሬትስ የየመን ጦርነት ሲጀመር አሰብ ላይ የጦር ሰፈር ሠርታ በ2013 አፈራርሳ ወጣች። ያኔ ሁለቱም ከአዲስ አበባም ከአስመራም ወዳጅ ነበሩ። አሁን በሱዳን ጉዳይ ሪያድና አቡዳቢ የሚያዩት አንድ አይደለም። ሳዑዲ ከሁሉም በላይ የምትፈራው ከባሕሩ ወዲህ ያለው ዳርቻም እንደ የመን እንዳይሆንባትና ስደተኛ እንዳይጎርፍባት ነው። ያ ስደተኛ ማን እንደሆነ ለወሎ ሰው አይነገርም። በኦቦክ አድርጎ፣ በየመን ተንከራቶ ሳዑዲ የሚገባው የኛው ሰፈር ልጅ ነው። ጦርነት በተነሳ ቁጥር መንገደኛው ይበዛል፤ ሳዑዲም ድንበሯን የበለጠ ታጠብቃለች።

ቱርክ ከሁሉም ጋር መነገድ ትችልበታለች። ለኢትዮጵያ ድሮን ሸጣለች፤ ሞቃዲሾ ላይ ትልቅ የሥልጠና ሰፈር አላት፤ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 አንካራ ላይ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን ያስማማችውም እሷ ናት። በነገራችን ላይ፣ እዚሁ አጠገባችን ሐራ ገበያ የሚደርሰውን የባቡር መስመር ከአዋሽ ጀምሮ የሠራው የቱርክ ኩባንያ ነው። ሐዲዱ ተዘረጋ፣ ጦርነቱ መጥቶ ጎዳው፤ ባቡሩን ግን እስካሁን ተሳፍረንበት አናውቅም።

ኬንያ ሽማግሌ ለመሆን ትሞክራለች፤ ኡሁሩ ኬንያታ ፕሪቶሪያ ላይም ነበሩበት። ኢጋድ ግን አቅሙ ተዳክሟል፤ ኤርትራም በታኅሣሥ 2018 ከድርጅቱ ወጥታለች። አስታራቂው ጠረጴዛ ላይ አንዱ ወንበር ባዶ ነው ማለት ነው።

ጅቡቲን መጨረሻ ያመጣናት ስለምታንስ አይደለም፤ ለኛ ኪስ የምትቀርበው እሷ ስለሆነች ነው። እስከ 1990 ድረስ ብዙ ዕቃ የሚገባልን በአሰብ ነበር። የባድመ ጦርነት ሲጀመር አሰብ ተዘጋ፤ ሥራው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። አሰብ ባዶ ቀረ፣ ጅቡቲ አደገች። ቅድም ያልነው ሳይገባ የሚያተርፍ ጎረቤት ማለት ይሄ ነው። አሁን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የወጪና ገቢ ዕቃችን በዚያ ነው የሚያልፈው። የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የቻይና፣ የጃፓንና የጣሊያን ወታደሮች በዚያች ትንሽ አገር ሰፍረዋል። ስለዚህ ጅቡቲ ገለልተኛ ነኝ ብላ ወደቧን ክፍት ታደርጋለች። ችግሩ መንገዱ ነው። በ2014 መጀመሪያ ውጊያው ወደ አፋር፣ ወደ ካሳጊታና ጭፍራ የገፋው ሚሌ ላይ የጅቡቲን መንገድ ለመቁረጥ ነበር። ከወልድያ በጭፍራ አድርጎ ሚሌ የሚወጣውን መንገድ ሾፌሮቻችን ያውቁታል። አንድ ጦር ያንን መስመር ለጥቂት ቀናት ቢይዘው ጠመንጃ ያልያዘው ደቡብ ኢትዮጵያም ነዳጅ ያጣል።

ግራና ላይ ይሄ እንዴት እንደሚታይ እንንገራችሁ። በቆቦ ግራና ሸለቆ በመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርተው ገበሬ ፓምፑ መብራት ወይም ናፍጣ ይፈልጋል። ማዳበሪያው በጅቡቲ ነው የሚገባው፤ ከክረምት በፊት ካልደረሰ ያ ዓመት አለቀ። ምርቱን ወደ ደሴና ወልድያ የሚያወጣው መኪና መንገድ ይፈልጋል። አማራ ክልል ደግሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ በመንግሥትና በፋኖ መካከል በሚደረገው ውጊያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሰሜኑ ሲነሳ እዚህ የሚመጣው ሁለተኛ ጦርነት እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። የውጭ ኃይል የሚፈልገውም እንዲህ ያለ የሳሳ ቦታ ነው። በ2013 ሱዳን ያየችውን ሌላውም ያያል።

ታዲያ ስልካችሁ ላይ ምን ትከታተሉ? መግለጫውንና የታንኩን ቪዲዮ ተዉት። የአውሮፕላን መከታተያ አፕ ካላችሁ የመንገደኛ አውሮፕላኖች የሰሜኑን ሰማይ መዞር ጀምረው እንደሆነ እዩ። የአልቡርሃንንና የኢሳያስን ጉብኝቶች ቁጠሩ፤ ከጉብኝቱ በኋላ ምን ዕቃ እንደሚንቀሳቀስ ጠብቁ። ካይሮ ስለ ዓባይ ዝም ብላ ስለ ቀይ ባሕር ስታበዛ ልብ በሉ። ሳዑዲ ወይም ኤምሬትስ አንድ ከፍተኛ ሰው አዲስ አበባና አስመራ በአንድ ሳምንት ከላኩ ሽምግልና ተጀምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወደ አንዱ ብቻ ከላኩ ሌላ ነው። ቤተሰባችሁ ውስጥ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ካለ ደግሞ ደውላችሁ ጠይቁት፦ ጋላፊ ላይ ቦቴ ቆሟል? ሚሌ ላይ ፍተሻ በዝቷል? በ2014 መንገዱ መጨነቁን ቀድመው የነገሩን እነሱ ነበሩ።