የከብት ዕልቂትን ለመግታት የተጋው ተመራማሪ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ አፍሪካ ቀንድ የዘለቀው፣ በአገሬው አጠራር «ደስታ» የተባለው የከብት ወረርሽኝ በሬውን ከቀንበር፣ ላሚቱን ከበረት ጠራርጎ ወሰደ፤ ኢትዮጵያውያን ዘመኑን «ክፉ ቀን» ይሉታል። ትውልደ ኢትዮጵያዊው የእንስሳት ሐኪምና የቫይረስ ተመራማሪ ፕሮፌሰር ጥላሁን ይልማ ምርምራቸውን በዚሁ በሽታ ላይ አደረጉ።

ዋልተር ፕሎራይት በኬንያ የሠሩት ክትባት አስተማማኝ ቢሆንም ያለ ማቀዝቀዣ ኃይሉን ያጣ ነበር፤ ማቀዝቀዣ ደግሞ በበረሃ ለሚዘዋወር አርብቶ አደር የማይደረስበት ነው። ፕሮፌሰር ጥላሁን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ከባልደረቦቻቸው ጋር መፍትሔውን በሞለኪዩላር ባዮሎጂ ፈለጉ። የበሽታውን ቫይረስ ሁለት ጂኖች ለይተው፣ ለፈንጣጣ ክትባት ባገለገለውና ሙቀትን በሚችለው የቫክሲኒያ ቫይረስ ውስጥ አኖሯቸው። ሙሉው ቫይረስ ስለሌለበት ክትባቱ ራሱ በሽታውን ሊያስነሣ አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1988 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የታተመው ውጤት እንዳሳየው፣ የተከተቡት ከብቶች ለሞት ከሚያበቃው መጠን ከ1,000 እጥፍ በላይ የሆነውን ቫይረስ ተቋቁመዋል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በሽታው ከምድር መጥፋቱ ሲታወጅ፣ ለድሉ ያበቃው የፕሎራይት ክትባትና ሙቀት እንዲችል የተሻሻለው ዝርያው ነበር። ሆኖም የፕሮፌሰር ጥላሁን ጥያቄ ትክክል እንደነበረ በዚሁ ተረጋግጧል፤ የክትባት ዋጋ የሚለካው በቤተ ሙከራ ውጤቱ ብቻ ሳይሆን ከራቀው በረት በመድረሱም ጭምር ነውና።