ለሕዝብ ደኅንነት በተመደበው የራዲዮ ሞገድ ለመጠቀም ፈቃድ የሚሰጠው ለማን ነው?

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1997 ዓ.ም. የወጣው ሕግ በ700 ሜጋኸርዝ አካባቢ ካለው የራዲዮ ሞገድ 24 ሜጋኸርዝ ለሕዝብ ደኅንነት እንዲመደብ አዟል። የአገልግሎቱ ዋና ዓላማ ሕይወትን፣ ጤናን ወይም ንብረትን መጠበቅ ሊሆን ይገባል፤ ለሕዝብ በንግድ የሚቀርብም መሆን የለበትም። ፖሊስና የእሳት አደጋ ክፍል ያላቸው የግዛትና የከተማ አስተዳደሮች ይህን በቀላሉ ያሟላሉ። ነገሩ የሚከብደው በበጎ ፈቃድ አምቡላንስ ለሚያሠማራ ማኅበር ነው፤ ሕይወት ማዳኑ ብቻውን ለፈቃድ አያበቃውምና። ተግባሩ ይህንኑ ደኅንነት መጠበቅ የሆነ የግዛት ወይም የአካባቢ መንግሥት አካል ያልተቋረጠ ድጋፍ እንደሚሰጠው በጽሑፍ ሊያረጋግጥለት ግድ ነው። ማረጋገጫውም ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋራ በአዲስ መልክ ይቀርባል፤ ያለፈው ደብዳቤ ቅጂ አያገለግልም። ፈቃዱን ካገኘ በኋላም ቢሆን፣ በራዲዮው የሚያስተላልፈው ለዚሁ አገልግሎት የግድ አስፈላጊ የሆነውን መልእክት ብቻ ነው።