የሳብዉፈርና የአምፕ ገበያ፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ዋት የተጣራ ክብደት አይደለም

ዛሬ ቡናና ሰሊጡን ለአፍታ እናቆየውና መኪና ውስጥ ስለሚገጠም ባስ እናውራ። ከመስመር የወጣን እንዳይመስላችሁ፤ ጉዳዩ የሚዛን፣ የደረጃና የመዳብ ዋጋ ነው።

መጀመሪያ ዋቱ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ «3000 ዋት ማክስ» ይላል። ጆንያውም፣ ድንጋዩም፣ እርጥበቱም አብሮ የተመዘነበት ክብደት በሉት። የተጣራው «አርኤምኤስ» የሚባለው ነው፤ አምፑ ሳያቋርጥ የሚሰጠው፣ ሳብዉፈሩም ሳይቃጠል የሚችለው ኃይል። ማኑዋሉ ውስጥ በትንሽ ፊደል ይጻፋል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይጻፍም። ያኔ ራሳችሁ መዝኑት። አምፑ ላይ የተሰኩትን ፊውዞች ቁጠሩ፤ ሁለት ባለ 30 ከሆኑ 60 አምፔር ነው። በ13.8 ቮልት ሲባዛ 828 ዋት። ክላስ ዲ አምፕ ከዚህ 80 በመቶ ያህሉን ለስፒከሩ ያደርሳል፣ ቀሪው ሙቀት ሆኖ ይቀራል። እና ወደ 660 ዋት ነው ማለት ነው። 3000ው የት ሄደ? ሻጩን ጠይቁት እስቲ።

ሳቡንና አምፑን በዚሁ በአርኤምኤስ አቀራርቡ። አንዳንዱ «ትንሽ አምፕ ከገዛሁ ሳቡ አይቃጠልም» ይላል። ግን አቅም ያነሰው አምፕ እስከ ጥግ ሲከፈት ድምፁን ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠው ድምፅ ደግሞ ከተጻፈበት በላይ ኃይል ይዞ ኮይሉን ሊያግል ይችላል። ኦሙንም እዩ፦ ባለ ሁለት ኮይል ሆኖ እያንዳንዱ 4 ኦም ከሆነ፣ በትይዩ ሲታሰር 2፣ በተከታታይ ሲታሰር 8 ይሆናል። ከ4 በታች የማይችል አምፕ ላይ 2 ኦም ከሰቀላችሁ ይግላል፣ ይጠፋል፣ ሲብስም ይቃጠላል።

አሁን ወደ እኛ ሙያ። ግንቦት 2016 ላይ መዳብ በለንደን የብረታ ብረት ገበያ በቶን ከ11,000 ዶላር አልፎ ነበር፤ አሉሚኒየም በዚያው ወቅት ከ3,000 በታች። ይሄን ያህል ልዩነት ባለበት ገበያ ድብልቅ መምጣቱ አይቀርም፣ ሰሊጥ ላይም የምናውቀው ነው። ለአምፕ የሚሸጠው የሽቦ ኪት ብዙ ጊዜ «ሲሲኤ» ነው፤ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ስስ መዳብ። በተመሳሳይ ውፍረት ከንጹሕ መዳብ ግማሽ አይመዝንም፣ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙም ሲሶ ያህል ያንሳል።

ምርመራው ቀላል ነው፦ አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ። ነጣ ካለች ሲሲኤ ነው። ሲሲኤ መግዛት ኃጢአት አይደለም፤ ግን በሲሲኤ ዋጋ ይሁን፣ ውፍረቱንም አንድ ወይም ሁለት ደረጃ ጨምሩ። የመዳብ 4 ጌጅ በሚበቃበት ቦታ የሲሲኤ 4 ጌጅ ከተዘረጋ ሽቦው ይሞቃል፣ ወንበርና ምንጣፍ ሥር ስለሚያልፍም ቀድሞ የሚያየው ሰው የለም። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው 45 ሳንቲሜትር ባልራቀ ቦታ ይሁን። ይህቺን የሚዘል ገጣሚ ካጋጠማችሁ ቁልፉን ተቀብላችሁ ሂዱ።

የጭነት መኪና ያላችሁ አንድ ነገር ለብቻው ስሙ። አብዛኛው ከባድ መኪና በሁለት ባትሪ የሚሠራ 24 ቮልት ነው፣ ገበያ ላይ ያለው አምፕ ደግሞ 12 ቮልት። አንዳንድ ገጣሚ ከአንዱ ባትሪ ብቻ መስመር ያወጣል። ድምፁ ይሠራል፣ ግን አንዱ ባትሪ ሁሌ ይራባል፣ ሌላው ከልክ በላይ ይሞላል፤ ሁለቱም ቶሎ ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ ኮንቨርተር ያስፈልጋል፣ እሱንም በአምፔሩ ግዙ፦ ባለ 20 አምፔር ኮንቨርተር 60 አምፔር የሚስብ አምፕ አይሸከምም፣ ባለሱቁ «ይችላል» ቢላችሁም።