ክብደቱ የት ጥግ ይቀመጥ?

ክፍሏ ሦስት ሜትር በአራት ናት። ወለሏ ሊሾ፣ ግድግዳዋ ጭቃ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ፤ ኮርኒስ ገና የላትም። ደብረ ታቦር የሚኖረው የአክስቴ ልጅ «ጂሜ» የሚላት ይህችን ነው። ክብደቱን የሠራው በእጁ ነው፤ ሁለት የቀለም ቆርቆሮ ላይ ሲሚንቶና ጠጠር ሞልቶ፣ ሳይደርቅ የውኃ ቧንቧ ሰካበት። አንደኛው ቆርቆሮ ከሌላው ትንሽ ይከብዳል፤ ሲያነሣው ወደ ግራ ዘመም የሚለው ለዚህ ነው። በታኅሣሥ ብርድ ከባሕር ዳር ያስመጣኝ ግን ይህ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ይችን እያት» አለና ስልኩን ሰጠኝ። አንድ ካሬ ሥዕል ነው፣ ስምንት አቅጣጫ ተጽፎበታል። «ህንዶቹ ከባድ ዕቃ በደቡብ ምዕራብ ጥግ ይሁን፣ መሐሉ ባዶ ይቅር፣ ስትሠራ ፊትህን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ሰሜን አዙር ይላሉ። ሳይንስ አለው ወይስ ጥንቆላ ነው?»

ሥዕሉ የቫስቱ ሻስትራ ነው። ቫስቱ በሳንስክሪት የቤት ቦታ፣ ማደሪያ ማለት ነው፤ ቤትና ከተማ እንዴት እንደሚሠራ የሚደነግግ የቆየ የህንድ ትምህርት። በ6ኛው ክፍለ ዘመን በኡጄን ከተማ የነበረው የከዋክብት ሊቅ ቫራሃሚሂራ «ብሪሃት ሳምሂታ» በተባለው ትልቅ መጽሐፉ ስለ ቤት አሠራርም ጽፏል። በትምህርቱ መሠረት ሰሜን ምሥራቅ የውኃና የጸሎት፣ ደቡብ ምሥራቅ የእሳት፣ ሰሜን ምዕራብ የነፋስ፣ ደቡብ ምዕራብ የመሬትና የከባድ ነገር ጥግ ነው። ስለ ስፖርት ክፍል ዛሬ የሚነገረው ምክር ሁሉ ከዚህ ካሬ የተቀዳ ነው፤ የጥንቶቹ ሊቃውንት ትሬድሚል አያውቁም ነበር።

ይህን ሰምቶ የሚስቅ የደብረ ታቦር ሰው ቢኖር እስኪ የራሱን ቤት ይይ። የእኛም ሊቃውንት ለአራቱ ማዕዘናት ስም አላቸው፤ መስዕ፣ አዜብ፣ ሊባ፣ ባሕር። ቤተ ክርስቲያናችን ወደ ምሥራቅ ታቅዶ ይሠራል፣ ቤተልሔሙም በምሥራቅ በኩል ይቆማል። አክስቴ ራሷ ከዚችው ክፍል ግድግዳ ወዲያ፣ በምሥራቁ በኩል፣ አጎዛ አንጥፋ ትሰግዳለች። እንግዲህ ልጁ ሲሚንቶውን ሳያነሣ በፊት እዚህ ቤት ውስጥ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ጎንበስ ቀና የሚል ሰው ነበር ማለት ነው። ጉልበት፣ ወገብ፣ ትከሻ፣ ሁሉም ይሠራል። በስቅለት ቀን አክስቴ የምትሰግደውን ያህል እሱ ስኳት ቢሠራ በማግስቱ ደረጃ አይወጣም።

ሳይንስ አለው ወይ ለሚለው ግን መልስ ከመስጠታችን በፊት ምሥራቅ የት እንደሆነ ማወቅ ነበረብን። ልጁ የስልኩን ኮምፓስ አምኖ ነበር። ስልኩን ክፍሉ ውስጥ ሲሚንቶው አጠገብ ሲያስጠጋው መርፌው ዞረ፤ ራቅ ሲያደርገው ተመለሰ። የቀለም ቆርቆሮውም ቧንቧውም ብረት ናቸው፤ የመሬትን ደካማ መግነጢስ ያውኩታል። ፎቅ ቤት ውስጥ ደግሞ አምዱና ወለሉ በሙሉ ፌሮ ስለሆነ ነገሩ ይብሳል። ጂም ማለት ብረት ነውና፣ በኮምፓስ አቅጣጫ ለመለየት ከጂም የከፋ ቦታ አይገኝም።

ስለዚህ ግቢ ወጣን። አንድ ሜትር የሆነ ቀጥ ያለ የባሕር ዛፍ እንጨት ተከልን፣ በገመድ ዙሪያውን ክብ አሰመርን። ጠዋት የጥላው ጫፍ ክቡን የሚነካበት ላይ ጠጠር አኖርን፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ሲነካው ሌላ ጠጠር። ሁለቱን ጠጠሮች የሚያገናኘው መስመር ትክክለኛው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። የሚገርመው የቫስቱ መጻሕፍትም አቅጣጫ የሚፈልጉት በዚሁ መንገድ ነው፤ እንጨቱን ሻንኩ ይሉታል። እስከዚህ ድረስ ጥንቆላ የለበትም፤ ንጹሕ የፀሐይ ሂሳብ ነው።

ጥላው በጣም ያጠረው ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ ነበር። የኢትዮጵያ ሰዓት የሚቆጠረው በ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ነው፤ ደብረ ታቦር ግን በ38 ላይ ስላለች ፀሐይ አናት ላይ የምትደርሰው ከሰዓታችን ዘግይታ ነው። ያኔ የጥላው ርዝመት ሰባ ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሆነ፣ ጫፉም ወደ ሰሜን አመለከተ። ሂሳቡም ከዚህ አይርቅም። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ በታኅሣሥ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በደቡብ በኩል 55 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ትላለች። በዚሁ ወቅት የምትወጣው ከትክክለኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ አዘንብላ፣ ወደ ጉና ተራራ አቅጣጫ ተጠግታ ነው። በሰኔ ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለች። «ምሥራቅ» የምንለው እንግዲህ አንድ ነጥብ አይደለም፤ የፀሐይ መውጫ ዓመቱን ሙሉ 48 ዲግሪ ያህል ስፋት ላይ ይመላለሳል።

ቫስቱን ከጉና ጋር የሚያጣላው እዚህ ላይ ነው። ቫራሃሚሂራ የኖረባት ኡጄን 23 ዲግሪ ላይ፣ የፀሐይ የሰሜን ጉዞ መጨረሻ በሆነው በካንሰር መስመር አፋፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ነች ማለት ይቻላል። ደብረ ታቦር ላይ ግን ከሚያዝያ 13 ገደማ ጀምሮ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ፣ አራት ወር ሙሉ፣ የእኩለ ቀን ፀሐይ ወደ ሰሜን ትሻገራለች። አናት ለአናት የምትቆምበት ሁለተኛው ቀን ደግሞ ከቡሄ ሦስት ቀን ያህል ብቻ ያልፋል። ነሐሴ 13፣ ከተማዋ በስሙ የተጠራችበት በዓል፣ ሰማዩ ቢከፈትና አንድ ሰው እኩለ ቀን ላይ ግቢው መካከል ቢቆም ጥላው ከጭንቅላቱ እስከ እግሩ ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ያፈነግጣል። ሰማዩ ግን አይከፈትም፤ ክረምት ነው፣ የሚሰማው ጅራፍ እንጂ የሚታየው ፀሐይ አይደለም።

ሁለተኛው ጠብ የሙቀት ነው። ኡጄን ላይ በሚያዝያና በግንቦት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል። ከሰዓት በኋላ የሚጠብሰው የምዕራብ ፀሐይ ስለሆነ፣ በዚያ ወገን ባለ ጥግ ወፍራም ግድግዳና ከባድ ዕቃ መደርደር፣ ሰው እንዳይቀመጥበት ማድረግ ብልህነት ነው። ደብረ ታቦር 2700 ሜትር ላይ ናት። አየር በየሺህ ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ ቼናይን የመሰለች የህንድ የባሕር ዳርቻ ከተማ ከእኛ ጋር አንድ ዓይነት ፀሐይ እያየች ከ10 ዲግሪ በላይ ትሞቃለች። እዚህ የከሰዓቱን ፀሐይ መሸሽ እንጀራን ከምጣዱ ላይ ሳይበስል እንደማንሣት ነው። የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ጠባዩ ዘገምተኛ ነው፤ ቀን የጠጣውን ሙቀት የሚተፋው ሲመሽ ነው። ማታ ከሥራ መልስ ስፖርት የሚሠራ ሰው የምዕራቡን ግድግዳ ገላልጦ ፀሐይ ያስመታው። እንደ አክስቴ ልጅ ጠዋት የሚሠራ ከሆነ የምሥራቅ መስኮት ይሻለዋል፤ በበጋ ጠዋት በአንድ ካሬ ሜትር መስታወት በኩል የሚገባው ፀሐይ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ነው፣ የትንሽ ማሞቂያ ያህል፣ ያውም መብራት ሲጠፋ የማይጠፋ። ውርጭ በጣለበት ጠዋት የቀዘቀዘ ጡንቻ ዝግ ብሎ ነው የሚኮማተረው፤ ክብደት ከመነሣቱ በፊት ሰውነት ማሟሟቂያው ረዘም ማለት አለበት።

ፊትን ወደ ምሥራቅ ማዞርስ? ለሰጋጅ ሌላ ምክንያት አለው፣ እሱን ለአክስቴ ትቼዋለሁ። ለጡንቻ ግን ለውጥ የለውም። እንዲያውም ሲሚንቶ ከአናቱ በላይ አንሥቶ የንጋት ፀሐይ ዓይኑን ያጨለመችበት ሰው ምን እንደሚደርስበት መገመት አያቅትም። ልጁን ጎኑን ለመስኮቱ ሰጥቶ እንዲቆም አደረግነው።

ጉና አካባቢ ለስፖርተኛ ከሁሉም የሚበልጠው አቅጣጫ ደግሞ ከስምንቱ ውስጥ የለም፤ ወደ ላይ ነው። አየሩ ውስጥ ያለው ኦክስጅን የትም ቢሆን 21 በመቶ ነው። የሚያንሰው ግፊቱ ነው። ባሕር ዳር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 80 በመቶ ያህል ነው፤ ደብረ ታቦር 72፣ የጉና አናት ላይ ደግሞ 60 ይሆናል። ላልለመደ ሰው ከ1500 ሜትር በላይ በየመቶ ሜትሩ የሰውነት ትልቁ ኦክስጅን የመጠቀም አቅም አንድ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እኔ ከባሕር ዳር ወጥቼ በሃያ ስኳት ስቃትት እሱ እያወራኝ የሚሠራው በወጣትነቱ ብቻ አይደለም።

ይህ ጉዳይ በጎረቤት ተጠንቷል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ፣ በ3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ 236 ሰዎችን ለኩ። የወንዶቹ ሄሞግሎቢን በአማካይ በዴሲ ሊትር ደም 15.9 ግራም ሆነ፣ ባሕር ጠለል ላይ እንደሚኖር ሰው። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌትም 95.3 በመቶ ነበር። የአንዲስ ደገኞች ከፍታውን የሚቋቋሙት ደማቸውን በማወፈር ነው፤ ቲቤታውያን ደግሞ ዝቅ ባለ የደም ኦክስጅን ይኖራሉ። የሰሜን ደገኞች አንዱንም አላደረጉም። እንዴት እንደቻሉት ዛሬም ተመራማሪዎችን የሚያከራክር ነው።

ስስ አየር ሌላም ጣጣ አለው። ጠንከር ያለ ስፖርት የሚሠራ ሰው በደቂቃ አንድ ሊትር ተኩል ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። በ30 ሜትር ኩብ ዝግ ክፍል ግማሽ ሰዓት ቢሠራ የአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውጭው አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ከቆላ ይልቅ ቶሎ ይሞላል። ራስ ይከብዳል፣ ያዛጋል። ኮርኒስ የሌላት ቆርቆሮ ጣሪያ እዚህ ላይ ባለውለታ ናት፤ በወጋግራው ክፍተት አየር ይመላለሳል። የፈራሁት ሌላ ነገር ነበር። ክፍሉን ለማሞቅ ከሰል በምድጃ ያስገባ እንደነበር ነገረኝ። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ከፍታ፣ ትንፋሽ በበዛበት ሰዓት፣ በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ሞትን ቤት መጥራት ነው። ቫስቱ እሳትን በደቡብ ምሥራቅ ያስቀምጣል፤ እኔ ምድጃውን ከነከሰሉ ደጅ አስወጣሁት።

የቀረው ክብደቱ ነው። ይህ ቤት መሬት ላይ ስለሆነ የሚሰጋው ለሊሾው ብቻ ነው። ፎቅ ላይ ጂም ለሚከፍት ግን ነገሩ ጥብቅ ነው፤ የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚታቀደው በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ገደማ እንዲሸከም ሲሆን ለስፖርት አዳራሽ 500 ያህል ይታሰባል። የሚወድቅ ብረት ደግሞ ከክብደቱ በላይ ነው የሚመታው። ስላብ ይበልጥ የሚጎብጠው መሐሉ ላይ ስለሆነ ከባዱ ዕቃ ወደ አምዱና ወደ ቢሙ ይጠጋል። መሐሉን ባዶ አድርጉ፣ ከባዱን ወደ ጥግ ውሰዱ የሚለው የቫስቱ ሕግ በዚህ በኩል ከመሐንዲሱ ጋር ይስማማል። የትኛው ጥግ እንደሆነ ግን መሐንዲሱ ግድ የለውም።

ለእኛ ጥጉን የመረጠልን የአክስቴ ስግደት ነበር። መስኮቱ በምሥራቅ፣ አጎዛዋም ከዚያው ግድግዳ ጀርባ፤ በሩ በሰሜን ጫፍ። ሲሚንቶው ከእሷ ግድግዳ ከሁሉ የሚርቀው፣ ከበሩም መተላለፊያ የሚወጣው አንድ ጥግ ብቻ ነው። የአሮጌ መኪና ጎማ ቆርጠን አነጠፍንና አስቀመጥነው። ልጁ ቆሞ በጠጠሮቹ መስመር ሲያሰላ ቆየና ሳቁ መጣ።

«ጋሼ፣ እኮ ሊባ ነው! ደቡብ ምዕራብ!»

«በሩ በደቡብ ቢሆን ኖሮ ሌላ ጥግ ይሆን ነበር» አልኩት። አልሰማኝም፤ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ እያነሣ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ከግድግዳው ወዲያ አክስቴ በሹክሹክታ ስትቆጥር ይሰማል። ድሮ ሲሚንቶው ዱብ ባለ ቁጥር ቁጥሩ ይጠፋባትና ከአንድ ትጀምር ነበር። ልጁ ክብደቱን ጎማው ላይ ዝቅ አደረገ። ሠላሳ ስምንት፣ ሠላሳ ዘጠኝ፣ አርባ አለች።