ድምፁ ዝቅ፣ አማርኛው ከፍ

ሰዎች «አማርኛ ማን አስተማረሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ «አባቴና አንዲት መኪና» ብዬ እመልሳለሁ። የምቀልድ ይመስላቸዋል። መኪናዋ ጥቁር ናት፤ ትናገራለች፤ ስሟም ኪት ይባላል።

ኪትን ያገኘኋት «ናይት ራይደር» በተባለው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ውስጥ ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1986 በኤንቢሲ ቴሌቪዥን ታይቷል። ዴቪድ ሃሰልሆፍ ማይክል ናይት የተባለውን ሰው ሆኖ ይሠራል። ማይክል ወንጀለኞችን ያሳድዳል፤ ጥይት የማይበሳት፣ ራሷን መንዳት የምትችል መኪናው ደግሞ ከመከራ ታወጣዋለች።

ፊልሙ ጆሃንስበርግ፣ እኛ ቤት የደረሰው ዘግይቶ በዲቪዲ ነው። የ7 ዓመት ልጅ ሳለሁ አሜሪካ ያለው አጎቴ ሙሉውን ላከልን። አባቴ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ዲስኩን ሲከተው ግን ማጫወቻው አልቀበልም አለ። ምክንያቱን ያወቅነው በኋላ ነው። የፊልም ኩባንያዎች ለንግዳቸው ሲሉ ዓለምን በቁጥር ከፋፍለዋታል፤ አሜሪካ ክልል 1፣ ደቡብ አፍሪካ ክልል 2፣ ኢትዮጵያ ደግሞ ክልል 5 ናት። ለአንዱ ክልል የተሠራ ዲስክ በሌላው ክልል ማጫወቻ እንዳይከፈት ይቆለፋል።

አባቴ ማጫወቻውን ተሸክሞ ወደ ጄፒ ሄደ። ጄፒ መሀል ከተማ ያለ፣ የኢትዮጵያውያን ሱቆች የሞሉበት መንገድ ነው። ዛሬ ስሙ ራሂማ ሙሳ ቢባልም እኛ አሁንም ጄፒ እንለዋለን። እዚያ አንድ የአገራችን ልጅ በሪሞቱ ጥቂት ቁጥሮች ነካክቶ ቁልፉን ከፈተልን።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ማታ የኪት ሆነ። አባቴ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፤ እራት እንበላለን፤ ፊልሙ ይጀመራል። የመግቢያው ሙዚቃ እንዳለቀ አባቴ ድምፁን ያጠፋና በአማርኛ መተረክ ይጀምራል።

«አየሽ፣ ይሄ ክፉ ሰውዬ ነው። ፍሬኗን ቆርጦባታል። ማይክል መሪውን ይዞ ‹ኪትዬ፣ አድኚኝ!› ይላታል። እሷም ‹አይዞህ፣ ወንድሜ› ትለዋለች።»

«ፍሬን»፣ «መሪ»፣ «ጎማ»፣ «አይዞህ»፣ «ደረሰችለት» የሚሉትን ቃላት ያወቅኳቸው እንዲህ ነው።

ይህን አተራረክ አባቴ ከአዲስ አበባ ነው ያመጣው። በልጅነቱ አውቶቡስ ተራ አካባቢ ቪዲዮ ቤት ይገባ ነበር። ቪዲዮ ቤት ማለት አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የካሴት ማጫወቻ ያለበት ክፍል ነው። ሰው ሳንቲም ከፍሎ ይገባና አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግቶ ያያል። እንግሊዝኛ የሚገባው ጥቂት ነው። ስለዚህ አንድ ደፋር ልጅ ከፊት ተቀምጦ የመሰለውን ይተርካል፤ ሌላው ይስቃል፣ ያጨበጭባል።

12 ዓመት ሲሞላኝ አንድ ቀን ብቻዬን ድምፁን ከፍቼ አየሁ። መጀመሪያ የደነገጥኩት ኪት አፏን ስትከፍት ነው፤ ድምፁ የወንድ ነበር! አባቴ «እሷ» ይላት የነበረው በአማርኛ መኪናን ብዙ ጊዜ እንደ ሴት ስለምንጠራ ነው፤ «መኪናዋ ቆመች» እንላለን። ከዚያ የባሰው ግን ታሪኩ ነው። አባቴ «ወንድማማቾች በርስት ተጣልተው ነው» ብሎ በነገረኝ ክፍል ውስጥ ርስትም ወንድማማችም አልነበረም።

ማታ ሲመጣ «ዋሽተኸኛል» አልኩት። ጥቂት ዝም አለና «ልጄ፣ ያኔ እንግሊዝኛዬ ለሱቅ እንጂ ለፊልም አይበቃም ነበር» አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፁን ከፍተን ማየት ጀመርን። ታሪኩ ትክክል ሆነ፤ ቤቱ ግን ዝም አለ። እኔ በእንግሊዝኛው እስቃለሁ፤ አባቴን ሶፋው ላይ እንቅልፍ ይወስደዋል። በዓመቱ አያቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል የምመልስላት «ደህና» እና «እሺ» ብቻ ሆኖ ነበር።

ሐሳቤን የለወጡት አፍሪካንስ ተናጋሪ ጎረቤታችን ናቸው። ነገሩን ሳጫውታቸው ሳቁና የልጅነታቸውን ነገሩኝ። በደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቴሌቪዥን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1976 ነው። በአፓርታይድ ምክንያት የእንግሊዝ ተዋንያን ማኅበር የአባላቱ ሥራ ለዚህ አገር እንዳይሸጥ ስለከለከለ የአሜሪካ ፊልሞች በዙ። በርካቶቹም ወደ አፍሪካንስ ተተረጎሙ። ሊ ሜጀርስ የሠራበት የ«ስድስት ሚሊዮን ዶላሩ ሰው» ፊልም በአፍሪካንስ «የብረት ሰው» ተባለ፤ «ማያሚ ቫይስ» ደግሞ «ወንጀል በማያሚ»። የዙሉ፣ የኮሳ፣ የሶቶና የጽዋና ተናጋሪዎች በቋንቋቸው የሚያሰራጩ ጣቢያዎች ያገኙት ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ነው።

እንግሊዝኛውን የፈለገ ሰው የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዘግቶ ራዲዮ 2000 የተባለውን ጣቢያ ይከፍታል፤ የፊልሙ እንግሊዝኛ በዚያው ሰዓት በራዲዮ ይተላለፍ ነበር። «እኛም ቤት አንዱን ዘግተን ሌላውን እንከፍት ነበር» አሉኝ።

በኋላ ስለ ኪትም አነበብኩ። ድምፁን የሰጠው ተዋናይ ዊልያም ዳንኤልስ ነው። ንግግሩን የሚቀዳው ከሌሎቹ ተዋንያን ተለይቶ ለብቻው ነበር፤ በራሱ ፈቃድም ስሙ በፊልሙ ላይ አልተጻፈም። ለካ በአሜሪካም ኪት የምትናገረው ኋላ በተጨመረ ድምፅ ነው!

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ሪሞቱን አንስቼ ድምፁን አጠፋሁና «አባዬ፣ ተርክልኝ» አልኩት።

«እውነተኛውን ታውቂው የለም እንዴ?» አለኝ።

«ያንተን ነው የምፈልገው» አልኩት። ከርስቱ ጠብ ጀመረ።

ዛሬ 23 ዓመቴ ነው። ተራኪዋ እኔ ነኝ፤ አድማጩ የ8 ዓመቱ ወንድሜ ነው። አባቴ ከጎናችን ተቀምጦ ያርመኛል። «መኪናው ቆመ» ካልኩ «ቆመች በይ» ይለኛል። አያቴ ስትደውልም ስልኩን ቶሎ አልመልስም፤ ለእሷም የኪትን ታሪክ እነግራታለሁ።

እናንተም ሞክሩት። ሩጫና መኪና ያለበት አንድ ክፍል ምረጡ። «ማክጋይቨር»ም ጥሩ ነው፤ ሰውዬው ሽጉጥ አይወድም፤ በመጀመሪያው ክፍል የሚያፈስ አሲድ በቸኮሌት ያቆማል። ድምፁን አጥፉና ለ10 ደቂቃ በየተራ ተርኩ። ቃል ሲጠፋባችሁ ወደ እንግሊዝኛ አትሩጡ፤ «ይሄ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላችሁ እናትና አባታችሁን ጠይቁ። ታሪኩን ብትሳሳቱ ግድ የለም። ወንድሜ እስካሁን ኪት ሴት ናት ብሎ ነው የሚያምነው።